ማር ጭኖ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና፦ ያገለገለ ባለ ፎር ዊል ስቴሽን የተመረጠበት ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ያገለገለ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ይሻላል?" ብሎ ነው። ከዚያ የመኪና ስም መደርደር ይጀመራል። አንዱ ሱባሩ ይላል፣ ሌላው ቮልቮ። ሁሉም ያጎት ልጁ የነዳትን መኪና ያወድሳል።

እዚህ የምጽፈው ጉዳይ የተለየው ጥያቄው መሃል ላይ ስለተቀየረ ነው። "ዳገቱን ይወጣል ወይ?" ተብሎ የተጀመረው ፍለጋ "ጭኖ ሲወርድ ማን ይይዘዋል?" ወደሚለው ዞረ። ጥያቄው ሲዞር የመኪኖቹ ዝርዝርም፣ ምርመራውም፣ በመጨረሻ የተገዛውም መኪና ሌላ ሆነ።

ገዢዋ ንብ አናቢ ናት። የእሷንም የሻጮቹንም ስም አልጠቅስም። እኔ የተጠራሁት መኪና ሥር መተኛት ስለማይከብደኝ ነው።

ሥራውና መንገዱ

ቀፎዎቿ ያሉት ተራራ ላይ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ። ማሩ እዚያው ይጣራና በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሞልቶ ይወርዳል። ማሸጊያው ቤት ከቀፎዎቹ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። በመካከሉ ጥምዝ የበዛበት አስፋልት አለ። ወደ ላይ የመጨረሻው ክፍል ጠጠር ነው፤ ሲዘንብ ደግሞ ጭቃ።

የነበራት ትንሽ የቤት መኪና በፊት ጎማ የምትሳብ ናት። ጭቃው ላይ ጎማዋ እየዞረ ትቆማለች። ስለዚህ የፈለገችው ነገር ግልጽ ነበር፦ ፎር ዊል (ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚያዞር) ይሁን፣ ያገለገለ ይሁን፣ ዕቃ ይያዝ።

ለምን ስቴሽን፣ ማለትም የዕቃ መጫኛው ከወንበሮቹ ኋላ በአንድ ጣሪያ ሥር ያለ ረጅም የቤት መኪና? ፒክአፕ አይሻልም ወይ ያሏት ብዙ ናቸው። መልሷ አሳማኝ ነበር። በማር የተሞላ ጀሪካን የምታነሳው ራሷ ናት። የስቴሽን ወለል ጉልበት አካባቢ ነው፤ የከፍተኛ ፒክአፕ ግን ወገብ ያልፋል። ጭነቱ ተሸፍኖና ተቆልፎ መሄድ አለበት። በዚያ ላይ መኪናው ሌላ ቀን የቤተሰብ ነው። ጠጠሩ ትልልቅ ድንጋይ የለበትም፤ ከባድ ሻንሲ ያለው ጂፕ አያስፈልገውም።

እግረ መንገዷን ግን አንድ ነገር ነገረችኝ። ባለፈው የማር ወቅት ጭና ስትወርድ ከጎማው አካባቢ የተቃጠለ ነገር ሸትቷታል። ትንሽ ቆይቶ የፍሬኑ ፔዳል ከወትሮው ጠለቅ አለ። ጥግ ይዛ ቆመች፣ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ተመለሰ፣ መንገዷን ቀጠለች። እሷ ይህን ያወራችው እንደ ተራ ገጠመኝ ነው። ለእኔ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነበር። ጭቃ ላይ መቆም ያናድዳል፤ ቁልቁለት ላይ አለመቆም ግን ይገድላል።

መጀመሪያ ሚዛን

መኪና ከማየታችን በፊት ጭነቱን መዘንን። ማር ከውሃ ይከብዳል። 1 ሊትሩ 1.4 ኪሎ አካባቢ ነው። ስለዚህ 20 ሊትር ማር 28 ኪሎ ሲሆን ጀሪካኑ ሲጨመር 29 ገባ። ብዙ ሰው "ሃያ ሊትር" ሲባል ሃያ ኪሎ ይመስለዋል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚያ ነው።

በአንድ ጊዜ ማውረድ የፈለገችው 20 ጀሪካን ነበር። ይህ ብቻውን 580 ኪሎ ነው። እሷና ረዳቷ 140፣ ዕቃና መሣሪያ 30። ድምሩ 750 ኪሎ።

አሁን መኪናው ምን ያህል ይችላል? ይህ የግምት ጉዳይ አይደለም። አብዛኛው መኪና የሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር ጽሑፍ አለው። እዚያ ላይ የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት፣ ለፊተኛውና ለኋለኛው አክሰል የተፈቀደው ክብደት ይነበባል። ከጠቅላላው ላይ የመኪናውን የባዶ ክብደት ስትቀንስ የሚቀረው ሰውን ጨምሮ የምትጭነው ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ አንዳንዱ ወረቀት በባዶ ክብደቱ ውስጥ 75 ኪሎ የሹፌር ክብደት ይቆጥራል፣ አንዳንዱ አይቆጥርም። ሳያዩ መቀነስ ሂሳቡን ያዛባል።

በዝርዝራችን የነበሩት ስቴሽኖች የሚችሉት ከ400 እስከ 550 ኪሎ ውስጥ ነበር። በኋላ የተገዛው 470 አካባቢ ይችላል። ስለዚህ 750 ኪሎ በአንድ ዙር የሚያወርድ መኪና በዚህ ምድብ ውስጥ የለም። ስሙ ምንም ይሁን። አስር ጀሪካን ከሁለት ሰውና ከመሣሪያው ጋር 460 ይመጣል። ያ ይገባል።

እሷ በዚህ ደስተኛ አልነበረችም። "ሁለቴ ልመላለስ ማለት ነው?" አለች። አዎ፣ ወይም ተሳቢ። የተሳቢውን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቁልቁለቱ ምን ይጠይቃል

የጫነ መኪና 2,000 ኪሎ ነው እንበል። 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 5.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። አንድ ኪሎ ዋት የሚስብ ምድጃ ከአምስት ሰዓት በላይ ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት ማለት ነው። ከፊሉን አየርና የጎማ መጎተት ይወስዱታል። የቀረው ወይ ሞተሩ ላይ ወይ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ሹፌሩ በቀላል ማርሽ (አራተኛ ወይም አምስተኛ) እየተንሸራተተ ፍሬን ረግጦ ከወረደ አብዛኛው ወደ ዲስኩና ወደ ፍሬን ሸራው ይሄዳል።

ፔዳሏ ለምን ጠለቀ? የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። እርጥበት ሲገባው ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 155 ይወርዳል። ሲፈላ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት አይታመቅም፤ እንፋሎት ይታመቃል። እግርህ እንፋሎቱን ሲገፋ ፔዳሉ ይሰምጣል፣ ጎማው ጋ የሚደርስ ግፊት ግን የለም። ያ ዘይት መቼ እንደተቀየረ ስጠይቃት አላወቀችም።

ፎር ዊል በዚህ ሁሉ ውስጥ ፍሬኑን አይረዳም። ማንኛውም የቤት መኪና ፍሬኑ አራቱም ጎማ ላይ ነው። ፎር ዊል መሆን የሚጠቅመው ለመነሳትና ለመውጣት ነው። ይህን ስነግራት ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያ ወረቀቷን አወጣችና ዝርዝሩን በአዲስ መልክ ጻፈች። ከላይ የሰፈረው "ቁልቁለት ላይ በማርሽ የሚይዝ" የሚል ነበር። ሁለተኛው "የጥገና ወረቀት ያለው"። ፎር ዊል ሦስተኛ ላይ ወረደ።

ከፍታው ሌላው ነጥብ ነው። 2,600 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይሳሳል። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተርም ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ወረቀት ላይ 165 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚያ ላይ ወደ 125 ይጠጋል። ተርቦ ያለው ይህ ብዙም አይነካውም። ለእሷ ግን ዋናው ጭነት የሚወርድ እንጂ የሚወጣ አይደለም። ወደ ላይ የምትወስደው ባዶ ቀፎና ባዶ ጀሪካን ነው። ስለዚህ ተርቦ ቢኖር ጥሩ፣ ባይኖርም የሚያሳጣት ነገር የለም ብለን አለፍነው።

በዝርዝሩ ላይ የነበሩት

ከ2000 እስከ 2010 ዓመተ ምሕረት በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠሩ ስቴሽኖችን አየን። "ፎር ዊል" የሚል ምልክት ሁሉም ጀርባ ላይ ቢለጠፍም ውስጡ አንድ አይደለም።

ሱባሩ አውትባክ ማኑዋል ከሆነ መሃሉ ላይ ዲፈረንሻል (ጉልበቱን የሚያካፍል የጥርሶች ስብስብ) አለው፤ ጉልበቱ ለፊትና ለኋላ ግማሽ ግማሽ ይደርሳል፣ አንዱ ሲንሸራተት ቪስከስ የሚባለው ክፍል ያያይዘዋል። አውቶማቲኩ ብዙውን ጊዜ በዘይት ግፊት የሚጨበጥ ፍሪሲዮን መሰል ነገር ይጠቀማል። በአንዳንድ ገበያ የተሸጡት ማኑዋሎች ተጨማሪ ዝቅተኛ ማርሽ ነበራቸው። እንደ ትልልቅ ጂፕ ብዙ አይቀንስም፤ ሃያ በመቶ አካባቢ ነው። ለቁልቁለት ግን ያቺም ዋጋ አላት። የ2.5 ሊትሩ የዚያን ዘመን ሞተር በቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ክዳንና በብሎኩ መሃል ያለው ማሸጊያ) ብልሽት ይታወቃል። የ1990ዎቹ ባለ ድርብ ካምሻፍቱ (ካምሻፍት ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ነው) የሚያፈሰው ወደ ውስጥ ነው፤ ማለትም ጋዙ ወደ ውሃው ይገባል። ከ2000 በኋላ የመጣው ባለ ነጠላ ካምሻፍት በአብዛኛው ወደ ውጭ ዘይትና ውሃ ያልባል። ሁለተኛው በዓይን ስለሚታይ ለገዢ ይሻላል።

ቮልቮ ኤክስሲ 70 በአብዛኛው ባለ አምስት ሲሊንደር ተርቦ ነው። ከ2003 ጀምሮ ሃልዴክስ የሚባል መያዣ ወደ ኋላው ዲፈረንሻል ያገናኘዋል። የራሱ ዘይትና ማጣሪያ አለው። ብዙ ባለቤት ይህን ሳያውቅ ዓመታት ይነዳል። ምቾቱ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

አውዲ ኦልሮድ የመጀመሪያው ትውልድ ከፍና ዝቅ የሚል የአየር ከረጢት ላይ ይቆማል። በጣም ቆንጆ ሐሳብ ነው። ሲያረጅ ግን ከረጢቱ ይተነፍሳል፣ መጭመቂያው ያለ ዕረፍት ሠርቶ ይቃጠላል። ለጭነት ሥራ የሚገዛ ያገለገለ መኪና ላይ ይህን አልፈለግንም። ሳናየው ሰረዝነው።

ሲቪቲ ካምቢዮ (ቋሚ ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ) ያላቸው አዳዲሶቹም ቀርበው ነበር። እነሱን የጣልነው በመርህ አይደለም። ያየናቸው ሁሉ የካምቢዮ ዘይታቸው መቼ እንደተቀየረ የሚል ወረቀት አልነበራቸውም። ጭኖ ዳገት ለሚወጣ ሲቪቲ ያ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ሦስቱ መኪኖች

ከወረቀት ወደ ብረት የደረሱት ሦስት ናቸው። የተጣሉትን ሁለቱን በስም አልጠራም። ያየሁባቸው ጉድለት የባለቤት እንጂ የአምራች አልነበረም።

*የመጀመሪያው* በጣም ያብረቀርቅ ነበር። ሻጩ "እህቴ፣ ይሄ ሞተር ውሃ የሚባል በልቶ አያውቅም" አላት። እጄን ኮፈኑ ላይ ሳደርግ ይሞቃል። ሰዓት ይዘን ነበር የመጣነው፤ እሱ ግን አሙቆ ጠበቀን። ሙቅ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል፦ የጠዋት ጭስ፣ ሲነሳ የሚንኳኳ ድምፅ፣ የውሃው ትክክለኛ መጠን። በማግስቱ በቀዝቃዛው እንደምንመለስ ነግረን ጎማዎቹን አየን።

ጎማዎቹ አዲስ ናቸው። ሁለቱ ብቻ። የፊቶቹ 8 ሚሊሜትር ጥርስ፣ የኋላዎቹ 4። ይህ ቀላል ይመስላል። ሂሳቡ ግን እንዲህ ነው፦ ጥርሱ 1 ሚሊሜትር ሲያንስ የጎማው ዙሪያ ከ6 ሚሊሜትር በላይ ያጥራል። እዚህ ልዩነቱ 4 ነው፤ ዙሪያው 25 ሚሊሜትር ተለያየ። ሱባሩን የመሰሉ አምራቾች በአራቱ ጎማዎች መካከል የሚፈቅዱት የዙሪያ ልዩነት 6 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ፊትና ኋላው በተለያየ ፍጥነት ሲዞር መሃሉ ላይ ያለው መያዣ ቀኑን ሙሉ እየተፋጨ ይሞቃል።

መሪውን እስከ መጨረሻ አዙረን ደረቅ አስፋልት ላይ ቀስ ብለን ክብ ሠራን። መኪናው ተንገራገጨ። አንድ ሰው ከኋላ ይዞ እየጎተተው የለቀቀው ያህል ይነቀነቃል። መያዣው ተጣብቋል ማለት ነው። በማግስቱ አልተመለስንም።

*ሁለተኛው* ንጹሕ ነበር፣ ዳሽቦርዱም ላይ አንድ መብራት አልበራም። በኮምፒውተር ስናስመረምረው የተመዘገበ ብልሽት የለም። ግን መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ምርመራዎች አብዛኞቹ "አልተጠናቀቀም" ይላሉ። ይህ የሚሆነው ባትሪ ሲነቀል ወይም ብልሽቱ በቅርቡ ሲሰረዝ ነው። ሻጩ ባትሪ ቀይሬ ነው አለ። ባትሪው ላይ ግን አቧራው እንዳለ ነበር።

ሊፍት ላይ አወጣነው። አራቱም ጎማ አየር ላይ እያለ መካኒኩ ማርሽ አስገባ። የፊት ጎማዎች ዞሩ። ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በዚያ ዓይነት መኪና ይህ ዘንግ ሁልጊዜ መዞር አለበት። ፊት ላይ የሚያያይዘው ጥርስ ተበልቶ አልቋል። ያ መኪና ፎር ዊል መሆኑን ካቆመ ቆይቷል፤ ባለቤቱም ምናልባት አላወቀም። ሜዳ ላይ ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ አይታይም።

*ሦስተኛው* 2005 የተሠራ አውትባክ ማኑዋል ነበር። ቀለሙ ደብዝዟል፣ አንደኛው በር ላሚዬራ ገብቶ ስቱኮ ተቀብቷል። ኪሎ ሜትሩም ከሁለቱ ይበልጣል። ዝቅተኛዋ ማርሽ አለችው። ሻጩ ከጓንት ማስቀመጫው አንድ ወፍራም ፖስታ አወጣ። እያንዳንዱ የዘይት ቅያሪ ከነኪሎ ሜትሩ ተጽፏል። ከዚያ ሳንጠይቀው "ከግራው ቴስታታ ትንሽ ዘይት ያልባል፣ ታይሚንግ ቤልቱም ጊዜው ደርሷል" አለ።

ሥሩ ገብቼ አየሁ። እንዳለው ነው። በቴስታታውና በብሎኩ መጋጠሚያ ላይ አቧራ የያዘ ቀጭን የዘይት መስመር። ጠብታ የለም። ውሃው ውስጥ ጋዝ እየገባ መሆኑን የሚያሳየውን ፈሳሽ ሞከርን። ሰማያዊ ነው፤ የተቃጠለ ጋዝ ሲነካው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ሰማያዊ እንደሆነ ቆየ። ጎማዎቹ አራቱም አንድ ዓይነት፣ በእኩል ያለቁ። ክቡን ስንሠራ ዝም ብሎ ዞረ። የሙከራ ቁልቁለት ላይ በሁለተኛ ማርሽ ስለቀው ፍሬን ሳልነካ ያዘው። የኋላ ሾክ አብዞርበሮቹ ግን ደክመዋል፤ አንዴ ስትጫነው ደጋግሞ ይወዛወዛል።

ውሳኔውና ከግዢው በኋላ የተሠራው

ሦስተኛውን ገዛች። ዋጋው ላይ የተከራከረችው ሻጩ ራሱ በተናገራቸው ሁለት ነገሮች ነው፤ እሱም ቀነሰ። ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ግን ከመጀመሪያው ለብቻ አስቀምጣ ነበር። ያ ባይኖር ይህ መኪና ጥሩ ምርጫ አይሆንም ነበር።

ጭነት ሳይነካ ሞተሩ ወረደ። ጓርኒሲዮኑ ባለ ብዙ ንብርብር ብረት በሆነው ተተካ፣ ቴስታታዎቹ ተላጉ። ሞተሩ ወርዶ ሳለ ታይሚንግ ቤልቱ፣ መወጠሪያው፣ ተሽከርካሪዎቹና የውሃ ፓምፑ አብረው ተቀየሩ። ይህ ሞተር ቤልቱ ከተበጠሰ ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ። ቤልቱን ቀይሮ አሮጌ መወጠሪያ መተው ቁጠባ አይደለም። የፍሬን ዘይቱ በሙሉ ወጥቶ አዲስ ዶት 4 ገባ። የፊት ዲስክና ሸራ አዲስ ሆኑ። የካምቢዮ ዘይት ተቀየረ፤ በዚህ ማኑዋል የፊቱ ዲፈረንሻል የሚጠቀመው ያንኑ ዘይት ነው። የኋላው ዲፈረንሻል የራሱ አለው። ሾክ አብዞርበሮቹ ከኋላ ተቀየሩ።

የተሳካውና ያልተሳካው

ቁልቁለቱ ተሳካ። አስር ጀሪካን ጭና በሁለተኛ ማርሽ፣ ገደል ያለበትን ክፍል በዝቅተኛዋ ትወርዳለች። ታች ስትደርስ ቸርኬው አጠገብ እጅህን ብታስጠጋ ይሞቃል እንጂ አይለበልብም፣ ሽታም የለም። "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" የሚለው የድሮ ሹፌሮች ምክር እዚህም ይሠራል። ለአንዳንድ አዳዲስ ሞተር ግን ከዚያም አንድ ዝቅ ማለት ያስፈልጋል።

ጭቃው ላይም ችግር አልገጠማትም። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ሥራ የጎማው ነው።

ተሳቢው ግን እንደታሰበው አልሆነም። የራሱ ፍሬን ያለው ትንሽ ተሳቢ ገዝታ ነበር። ፍሬኑ የሚሠራው ተሳቢው መኪናውን ከኋላ ሲገፋ ነው። ለሜዳ ጥሩ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ መኪናው በማርሽ ሲያዝ ተሳቢው ሳያቋርጥ ይገፋል፤ ፍሬኑም ሳያቋርጥ ይይዛል። ታች ሲደርሱ የተሳቢው ከበሮ ጋለ። አሁን ተሳቢው ባዶ ቀፎ ወደ ላይ ያወጣል። ማሩ በሁለት ዙር በመኪናው ይወርዳል። መጀመሪያ ያልወደደችው ምርጫ ነው።

የኋላ ሞላው ውስጥ የሚገባ የአየር ከረጢትም ተሞክሯል። ጭነት ሲበዛ ጀርባው ይሰምጥና መብራቱ ሰማይ ያያል፤ ከረጢቱ ያንን አስተካክሏል። ችግሩ ሌላ ቦታ መጣ። ጀርባው ቀና ሲል ረዳቷ "አሁን 15 ይችላል" ማለት ጀመረ። አይችልም። በሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር በከረጢት አይቀየርም፤ ፍሬኑም፣ የኋላ አክሰሉም፣ ጎማውም ያው ናቸው።

ፖርቶ መጋላው ላይ ቀፎ መደርደርም ተሞክሮ ቀርቷል። ባዶ ቀፎ ቀላል ነው ግን ነፋስ ይይዛል፤ ጥምዝ ላይ መኪናው ይንጋደዳል።

ሌላ ገዢ የሚወስደው

ጭነትህን መኪና ከማየትህ በፊት መዝን። ስሚንቶ፣ ድንጋይ፣ የመጻሕፍት ካርቶን፣ የውሃ በርሜል ይሁን፣ በዓይን የሚገመተው ሁልጊዜ ከእውነተኛው ያንሳል። ከዚያ የሚከብደው ጉዞ ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች ብለህ ጠይቅ። ወደ ላይ የሚጭን ሰው፣ ለምሳሌ ተራራ ላይ ቤት የሚሠራ፣ ከዚህ ጉዳይ ተቃራኒ መልስ ሊያገኝ ይችላል፤ ለእሱ ተርቦና የማቀዝቀዣው ጤንነት ይቀድማሉ።

የፎር ዊሉን ዓይነት እወቅ፣ ግን ዓይነቱን ከማድነቅ ይልቅ መሥራቱን አረጋግጥ። የጎማ ጥርስ መለኪያ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ አንድ ክብና ግማሽ ሰዓት ሊፍት ላይ በቂ ናቸው። ሻጩ ሊፍት ላይ አይወጣም ካለ መልሱን አገኘህ።

ከሚያብረቀርቅና ወረቀት ከሌለው መኪና ደብዛዛና ወረቀት ያለው ይሻላል። ጉድለቱን ራሱ የሚነግር ሻጭ ደግሞ ያልነገረህ ነገር ያነሰ መሆኑ አይቀርም። ይህ ሕግ አይደለም፤ እኔ ግን እመዝንበታለሁ።

ጭነቱን እሰር። ድንገት ፍሬን ሲያዝ 29 ኪሎ ጀሪካን ወደ ጋቢናው ይመጣል። ከባዱ ወለሉ ላይ፣ ከኋላው አክሰል ቀድሞ፣ ከወንበሩ ጀርባ ጋር ተጠግቶ ይቀመጥ።

ጎማ ስትገዛ አራቱንም በአንድ ላይ ግዛ፣ ቦታቸውንም እያፈራረቅህ አዙር። ስኮርታውን አትርሳ። ከሌሎቹ ያነሰ ስኮርታ ገጥመህ ረጅም መንገድ ከነዳህ መያዣው ላይ የሚደርሰው ያው የመጀመሪያው መኪና ችግር ነው። ስለዚህ ንብ አናቢዋ አምስተኛውን ከአራቱ ጋር አንድ ዓይነት ገዝታ በዙሩ ውስጥ አስገብታዋለች፤ ጎማ በሚዞርበት ቀን እሱም ተራውን ጠብቆ ይወርዳል።